የኔትወርክ መሣሪያዎች ኮንፊግ፦ ከቆጠራ እስከ መልሶ ማስነሳት (የሥራ ሂደት ማስታወሻ)

ሰኞ፦ ቆጠራ

ሥራው የመሣሪያዎቹን ኮንፊግ (የሚሠሩበትን የቅንብር ጽሑፍ) በየጊዜው ሰብስቦ ማስቀመጥና ሲያስፈልግ ከእሱ መልሶ ማስነሳት ነው። የሥራው ወሰን፦ 46 የመዳረሻ ስዊቾች፣ 6 የማከፋፈያ ስዊቾች፣ 2 ኮር፣ 4 የጠርዝ ራውተሮች፣ 2 ፎርቲጌት ፋየርዎሎች፣ በቅርንጫፎች ያሉ 9 ማይክሮቲኮች። ስዊቾቹና ሦስቱ ራውተሮች ሲስኮ፣ አንዱ ራውተር ጁኒፐር ነው። እስካሁን ባክአፕ እየተባለ የቆየው በአንድ ላፕቶፕ ላይ ቀን እየተጻፈባቸው የተቀመጡ የጽሑፍ ፋይሎች ክምር ነው።

ዝርዝሩ ከሦስት ምንጭ ተወስዶ ተመሳከረ፦ ከክትትል ሶፍትዌሩ፣ ከኮር ስዊቹ የኤአርፒ ሠንጠረዥ (የአይፒና የሃርድዌር አድራሻዎች ማዛመጃ)፣ ከየስዊቹ የ«ሾው ኤልኤልዲፒ ኔይበርስ» ውጤት (በቀጥታ የተሰኩ ጎረቤት መሣሪያዎች ዝርዝር)። ሦስቱ አልተስማሙም። በጎረቤትነት የሚታይ፣ ክትትሉ ግን የማያውቀው ስዊች ከተገኘ ሌላ ሥራ ሁሉ ይቆማል፤ ማን እንደሰካውና ለምን እንደሰካው መጀመሪያ ይጣራል። ለእያንዳንዱ መሣሪያ የተመዘገበው፦ ስም፣ የማስተዳደሪያ አድራሻ፣ ሞዴል፣ የሶፍትዌር ቅጂ፣ ራክና ቦታ፣ የስታክ (እንደ አንድ ሆነው የሚሠሩ የተጣመሩ ስዊቾች) አባል ቁጥር፣ ኃላፊ። የስታክ ቁጥሩ ተራ ነገር ይመስላል፤ ጥቅሙ መሣሪያ ሲተካ ነው የሚታየው።

ቀጥሎ በሲስኮዎቹ ላይ በራም ውስጥ እየሠራ ያለው ኮንፊግ በኤንቪራም (መብራት ቢጠፋም ይዘቱን በማይለቅ ማስታወሻ) ከተቀመጠው ጋር ተነጻጸረ። ትእዛዙ «ሾው አርካይቭ ኮንፊግ ዲፈረንስስ» ነው፤ መጀመሪያ ስታርትአፕ፣ ቀጥሎ ራኒንግ ይሰጠዋል። የመደመር ምልክት ያለበት መስመር አሁን እየሠራ ያለ፣ ግን ያልተቀመጠ ነው፤ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። በጣም የሚያደክመው ብልሽት የሚመጣው ከዚህ ነው፦ አንድ ሰው ከወራት በፊት ቪላን (በስዊቹ ውስጥ የተለየ ንዑስ ኔትወርክ) ከፍቶ «ራይት ሜሞሪ» (አስቀምጥ) ሳይል ሄዷል፣ መብራት ጠፍቶ ይመለሳል፣ ማንም ምንም ሳይነካ አንድ ፎቅ ከመስመር ይወጣል። የለውጥ መዝገብ ቢገለበጥ የዚያን ቀን ምንም ስለሌለ ፍለጋው ወደ ኬብልና ወደ ሞጁል ይዞራል።

ልዩነት የተገኘበትን ሁሉ በጅምላ ማስቀመጥ ግን ስህተት ነው። ካልተቀመጡት መስመሮች መካከል ለሙከራ የተከፈተ ፖርት፣ ለጊዜው የተነሳ ኤሲኤል (ምን እንደሚያልፍ የሚወስን የፈቃድ ዝርዝር) ወይም ለምርመራ ትራፊክን ወደ ሌላ ፖርት የሚቀዳ መስመር ይኖራል። እያንዳንዱ መስመር ባለቤት ከተገኘለት ይቀመጣል፤ ካልተገኘለት የሚነሳበት ቀን ይቆረጥለታል።

ማክሰኞ፦ ሰዓትና መግቢያ

በመጀመሪያ ኤንቲፒ (ሰዓትን በኔትወርክ የሚያስተካክል ፕሮቶኮል)። ሁሉም መሣሪያ ከተመሳሳይ ሁለት ምንጮች ሰዓት ይወስዳል፣ የሎግ ማህተሙም ቀንን፣ ሚሊሰከንድንና የሰዓት ቀጠናን ያካትታል። ሰዓታቸው የሚለያይ መሣሪያዎች ሎግ ጎን ለጎን ቢነበብ የቱ ምክንያት፣ የቱ ውጤት እንደሆነ አይለይም።

ለሰብሳቢው ሶፍትዌር (የየመሣሪያውን ኮንፊግ በየጊዜው እያነበበ ለሚያስቀምጠው) የብቻው መለያ ተከፈተ። ሙሉ ራኒንግ ኮንፊግ ለማየት በሲስኮ ከፍተኛው ደረጃ፣ ማለትም 15 ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ለአንድ ስክሪፕት የመቀየር ሥልጣን መስጠት አደጋ አለው። መፍትሔው በታካክስ ፕላስ ሰርቨሩ (ማን ገብቶ ምን ማዘዝ እንደሚችል በሚወስነው) ላይ ትእዛዝን አንድ በአንድ መፍቀድ ነው፦ በ«ሾው» የሚጀምሩት፣ «ተርሚናል ሌንግዝ 0»፣ «ተርሚናል ዊድዝ» እና «ኤግዚት» ብቻ። «ተርሚናል ሌንግዝ 0» ከተረሳ ውጤቱ የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ሞር» ብሎ ይቆማል፣ ሰብሳቢውም ጊዜው እስኪያልፍ ይጠብቃል፤ ስህተቱ የኔትወርክ መዘግየት እየመሰለ ብዙ ሰዓት ይበላል።

ታካክስ (ቲሲፒ 49) ላይ የማይዘነጋ ነገር አለ። ከዝርዝሩ መጨረሻ «ሎካል» ቢጻፍም በመሣሪያው ውስጥ ያለው መለያ የሚሠራው ሰርቨሩ መልስ ሳይሰጥ ሲቀር ብቻ ነው። ሰርቨሩ መልስ ሰጥቶ «አይገባም» ካለ ወደ ሎካል አይወርድም። ስለዚህ በታካክስ ሰርቨሩ ላይ የተሳሳተ ሕግ የጻፈ ሰው ሁሉንም መሣሪያ በአንድ ጊዜ ሊዘጋ ይችላል። የኮንሶሉ (በኬብል በቀጥታ የሚገባበት) መግቢያ ለብቻው የሎካል ዝርዝር ተሰጠው፣ የይለፍ ቃሉም በታሸገ ፖስታ ካዝና ገባ።

ረቡዕ፦ ሰብሳቢው

ምርጫው በራንሲድና በኦክሲዳይዝድ መካከል ነበር። ኦክሲዳይዝድ ተመረጠ፤ በሩቢ የተጻፈ ነው፣ ውጤቱን በቀጥታ ወደ ጊት (እያንዳንዱን የፋይል ለውጥ ወደሚመዘግብ ማከማቻ) ያስገባል፣ የብዙ አምራቾች ሞዴልም (መሣሪያው እንዴት እንደሚነበብ የሚገልጽ ፋይል) አብሮት ይመጣል። የመሣሪያዎቹ ዝርዝር ከሰኞው ቆጠራ ወጣ፤ በእያንዳንዱ መስመር ስም፣ አድራሻ፣ ሞዴልና ቡድን ይጻፋል። መነሻው ድግግሞሽ 3600 ሰከንድ ነው፣ እንዳለ ተተወ።

እንዳለ የማይተወው የመግቢያ ዘዴው ነው። መነሻ አቀማመጡ መጀመሪያ ኤስኤስኤች (የተመሰጠረ የርቀት መግቢያ)፣ ያ እምቢ ሲል ቴልኔት (ያልተመሰጠረው የድሮ መግቢያ) ይላል። እንደዚያ ከቀረ ኤስኤስኤቹ በተበላሸ ቁጥር ሰብሳቢው የይለፍ ቃሉን በግልጽ ጽሑፍ በኔትወርኩ ላይ ይልካል፤ ለዚያውም በየሰዓቱ፣ ማንም ሳያይ። ቴልኔት ከዝርዝሩ ወጣ። የድር ገጹ (ፖርት 8888) የራሱ የይለፍ ቃል ስለሌለው 127.0.0.1 ላይ ብቻ እንዲያዳምጥ ቀረ፣ ከፊቱም የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ፕሮክሲ ቆመ።

ጥቂት አሮጌ ስዊቾች አልተገናኙም። አዲስ ኦፕንኤስኤስኤች የድሮውን የቁልፍ መለዋወጫ እና በሻ-1 የሚፈረም የአርኤስኤ ፊርማ አይቀበልም (ይህ ፊርማ ከ8.8 ቅጂ ጀምሮ በመነሻው ተዘግቷል)። ቀላሉ መንገድ ሰብሳቢው ላይ ሁሉንም አሮጌ ስልት መክፈት ነው፤ እሱ ግን ለጥቂት መሣሪያዎች ሲባል የሁሉንም ደረጃ ያወርዳል። ስልቶቹ የተከፈቱት ለአንድ ቡድን ብቻ ነው፣ የቡድኑም ስም «የሚተኩ» ሆነ። ሶፍትዌራቸውን ማሻሻል በሚቻልባቸው ላይ የአርኤስኤ ቁልፉ ተሰርዞ በ2048 ቢት እንደገና ተፈጠረ፣ ኤስኤስኤች ቅጂ 2 ብቻ እንዲቀበሉም ታዘዙ።

ሐሙስ፦ ጫጫታ

በአንድ ሌሊት ጊት በማይረቡ ልዩነቶች ተሞላ። ምንጮቹ የታወቁ ናቸው። በሲስኮ «ላስት ኮንፊገሬሽን ቼንጅ» የሚለው የሰዓት መስመር እና «ኤንቲፒ ክሎክ-ፒሪየድ»። በፎርቲጌት የተመሰጠረው የይለፍ ቃል በታየ ቁጥር በአዲስ መልክ ስለሚመሰጠር ማንም ሳይነካው የተለወጠ ይመስላል። በማይክሮቲክ የኤክስፖርቱ የመጀመሪያ መስመር ቀንና ሰዓት ይዟል። ሁሉም በሞዴሉ ፋይል ውስጥ በሬጄክስ (የጽሑፍ ቅርጽ መፈለጊያ ሕግ) ተጣሩ።

ይህን ማጥራት እንደ ውበት ሥራ ማየት አይገባም። በቀን መቶ ማስጠንቀቂያ የሚደርሰው ሰው አንዱንም አያነብም፣ አዲስ ተጠቃሚ የጨመረው መስመርም በመካከላቸው ያልፋል። ዒላማው ለውጥ በሌለበት ቀን ዜሮ መልእክት ነው።

ሌላው ክርክር ሚስጥሮችን ከፋይሉ ማውጣት ነበር። ኦክሲዳይዝድ የይለፍ ቃሎችንና የኤስኤንኤምፒ (የመሣሪያ መከታተያ ፕሮቶኮል) ኮሚኒቲዎችን፣ ማለትም እንደ ይለፍ ቃል የሚያገለግሉ ቃሎችን፣ በምልክት መተካት ይችላል። ማከማቻው ለማንበብ ይመቻል፣ ፋይሉ ግን መሣሪያ አያስነሳም። ሁለት ማከማቻ ተደረገ፦ ሙሉው በተመሰጠረ ዲስክ ላይ፣ ለሁለት ሰው ብቻ ክፍት ሆኖ፤ የተጣራው ለቡድኑ በሙሉ።

የሰብሳቢው ጤና የሚለካው «ተሳካ» በሚለው ቃሉ አይደለም። ሦስት ፍተሻዎች በየጠዋቱ ይሮጣሉ፦ ከ24 ሰዓት በላይ ያልታደሰ ፋይል አለ ወይ፤ መጠኑ ከትናንቱ ከግማሽ በታች የወረደ አለ ወይ፤ የሲስኮ ፋይል በ«ኤንድ» መስመር ያበቃል ወይ። ሦስተኛው ግንኙነቱ በመሀል ተቋርጦ የቀረን ቁራጭ ፋይል ይይዛል።

ዓርብ፦ ጠረጋ

ፋይሎቹ አንድ ቦታ ከተሰበሰቡ በኋላ የደኅንነት ፍተሻው የጽሑፍ ፍለጋ ብቻ ሆነ። የተገኙትና የተወሰደባቸው እርምጃ፦

በብዙ ስዊቾች ላይ ቪቲዋይ (የርቀት መግቢያ መስመር) ከ0 እስከ 4 ኤሲኤል አለው፣ ከ5 እስከ 15 ያለው ግን ባዶ ነው። መሣሪያው ከ5 በላይ መግቢያ ሲጠየቅ ወደነዚያ ያሳልፋል፤ አጥቂ የመጀመሪያዎቹን አምስት ይዞ ስድስተኛውን ያለ ከልካይ ይገባል። አሥራ ስድስቱም አንድ ዓይነት ሆኑ።

ዓይነት 7 የይለፍ ቃል ምስጢር አይባልም። በታወቀ ቁልፍ የተሸፈነ ጽሑፍ ስለሆነ በሰከንድ ይፈታል። «ኢኔብል ፓስወርድ» ከ«ኢኔብል ሲክሬት» ጎን ለጎን የቀረባቸው መሣሪያዎች ላይ የመጀመሪያው ተሰረዘ፣ የሎካል መለያዎች ወደ ዓይነት 9 ተዛወሩ። ጥንቃቄ፦ ቀደም ያለ ሶፍትዌር ዓይነት 9ን አያውቀውም፤ ከዝውውሩ በኋላ ሶፍትዌሩን ወደ ድሮ ቅጂ የሚመልስ ሰው ራሱን ውጭ ይዘጋል።

ኤስኤንኤምፒ ቅጂ 2ሲ በ«ፐብሊክ» እና «ፕራይቬት» ኮሚኒቲ። ወደ ቅጂ 3፣ ማረጋገጫና ምስጠራ ወዳለው ደረጃ ተዛወረ። የመጻፍ ኮሚኒቲ ያለው ሰው ኮንፊጉን ያለ ይለፍ ቃል ሊያስልክና ሊቀይር ስለሚችል ይህ ከሁሉም ቀደመ።

ስማርት ኢንስቶል (ቲሲፒ 4786)። አዲስ ስዊች ያለ ሰው እጅ እንዲዋቀር የተሠራ ነው፣ ማንነት አይጠይቅም፤ ፖርቱ ላይ የደረሰ ሰው ኮንፊጉን መውሰድም መተካትም ይችላል። በ«ኖ ቪስታክ»፣ ትእዛዙን የማይቀበሉት ላይ ደግሞ በኤሲኤል ተዘጋ።

የድር ማስተዳደሪያው ጠፋ፣ በኤችቲቲፒም በኤችቲቲፒኤስም፤ ሁለት ትእዛዞች ናቸው፣ አንዱን ማጥፋት ሌላውን አያጠፋም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ይፋ የሆነው የአይኦኤስ ኤክስኢ፣ ማለትም የሲስኮ ስርዓተ ክወና፣ ቀዳዳ (የመዝገብ ቁጥሩ ሲቪኢ 2023-20198፣ የክብደት ነጥቡ 10) የገባው በዚህ በር ነበር። አጥቂዎቹ ደረጃ 15 የሆነ የሎካል ተጠቃሚ ይፈጥሩ ነበር። የተከሉት ኮድ መሣሪያው ዳግም ሲነሳ ይጠፋል፣ ተጠቃሚው ግን ይቀራል። ከጊት ልዩነቶች ሁሉ ለብቻው ማንቂያ የተደረገለት በ«ዩዘርኔም» የሚጀምር አዲስ መስመር የሆነው ለዚህ ነው።

የፍተሻ ሕጎቹ አንድ ወጥመድ አላቸው፦ መነሻ እሴቶች በተለመደው «ሾው ራኒንግ-ኮንፊግ» አይታዩም። «ይህ መስመር የለም፣ ስለዚህ አገልግሎቱ ዝግ ነው» የሚል ሕግ ይሳሳታል። መጨረሻው ላይ «ኦል» ሲጨመር መነሻዎቹም ይወጣሉ፤ ለደኅንነት ሕጎች የሚነበበው ያ ነው።

ሁለተኛው ሳምንት፣ ሰኞ፦ ማን ቀየረው

ጊት ምን እንደተቀየረ ይናገራል፣ ማን እንደቀየረ አያውቅም። በሲስኮዎቹ «አርካይቭ» ሥር የኮንፊግ ሎግ ተከፈተ፦ «ሎጊንግ ኢኔብል»፣ «ሃይድኪስ»፣ «ኖቲፋይ ሲስሎግ»። የተጻፈው ትእዛዝ ሁሉ ከነተጠቃሚው ስም ወደ ሲስሎግ (የመሣሪያዎች መልእክት መዝገብ) ይሄዳል። «ሃይድኪስ» ከተረሳ አዲስ የተተከለ የይለፍ ቃልም አብሮ ይሄዳል።

«ሲስ-5-ኮንፊግ_አይ» የሚለው መልእክት ሲመጣ ሰብሳቢው ያንን መሣሪያ ወዲያው እንዲያነብ ተደረገ። መልእክቱ የሚወጣው ሰውየው ከኮንፊግ ሁነታ ሲወጣ ነው፤ መስኮቱን ከፍቶ የተወ ሰው ለውጡ ሳይታይ ይቆያል። የየሰዓቱ ዙር ለዚህ ያስፈልጋል።

ማክሰኞ፦ ለውጥ ሲደረግ

ከርቀት ራስን መዝጋት የሚመጣው ከጥቂት የታወቁ ትእዛዞች ነው። በትራንክ (ብዙ ቪላን በሚያሳልፍ መስመር) ላይ ቪላን 30ን ለመጨመር «ስዊችፖርት ትራንክ አላውድ ቪላን 30» የሚል ሰው ዝርዝሩን በሙሉ ሰርዞ 30ን ብቻ ያስቀምጣል፤ የማስተዳደሪያው ቪላንም በዚያው ይሄዳል። «አድ» የምትለው ቃል ናት የጎደለችው። በአሮጌ አይኦኤስ አንድ መስመር ለማውጣት «ኖ አክሰስ-ሊስት 10 ፐርሚት…» ሲባል ዝርዝሩ በሙሉ ይነሳል። ባዶ የሆነ ኤሲኤል በፖርት ላይ ተለጥፎ ሁሉን ያሳልፋል፣ የመጀመሪያዋ መስመር በገባች ቅጽበት ግን የማይታየው የመጨረሻ ክልከላ ይነቃል። ሁለተኛዋ መስመር ከመድረሷ በፊት ግንኙነቱ ተቆርጧል። ስለዚህ ዝርዝሩ በአዲስ ስም ሙሉ ሆኖ ይጻፋል፣ ቀጥሎ ፖርቱ ላይ ያለው ስም ይቀየራል።

ከዚህ በኋላ ያለ ሰዓት ቆጣሪ የርቀት ለውጥ የለም። በጁኒፐር ቀላል ነው፦ «ሾው» ብሎ ከ«ኮምፔር» ጋር ልዩነቱን ማየት፣ «ኮሚት ቼክ»፣ ከዚያ «ኮሚት ኮንፈርምድ 5»። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛ «ኮሚት» ካልመጣ ራሱ ይመለሳል። ቁጥር ካልተሰጠው 10 ደቂቃ ይይዛል።

በሲስኮ አርካይቩ መንገድ ከተሰጠው «ኮንፊገር ተርሚናል ሪቨርት ታይመር 10» ይሠራል፤ ለማጽናት «ኮንፊገር ኮንፈርም» ይባላል። ይህን የማያውቅ አሮጌ ስዊች ላይ «ሪሎድ ኢን 10» ነው ያለው፣ ሲጨርሱም «ሪሎድ ካንስል»። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ መጀመሪያ የነበረው ይቀመጣል፣ ቀጥሎ ቆጣሪው ይጀመራል፣ ከዚያ ለውጡ ይገባል። ቆጣሪውን ከለውጡ በኋላ የሚጀምር ሰው «ኮንፊጉ ተቀይሯል፣ ይቀመጥ?» የሚል ጥያቄ ይመጣለታል፤ «አዎ» ካለ ስህተቱን በኤንቪራም አጸና ማለት ነው፣ ዳግም መነሳቱም ምንም አያድነውም።

ፋይልን ወደ ራኒንግ ኮንፊግ «ኮፒ» ማድረግ መተካት አይደለም፣ መደመር ነው። የተሳሳተው መስመር እዚያው ይቀራል። ወደ ነበረበት ለመመለስ «ኮንፊገር ሪፕሌስ»።

ከቪቲፒ (የቪላን ዝርዝርን ከስዊች ወደ ስዊች የሚያሰራጭ ፕሮቶኮል) ጋር ያለው ታሪክም ተዘጋ። ተመሳሳይ የዶሜን ስም ያለውና የለውጥ ቁጥሩ ከፍ ያለ ያገለገለ ስዊች ሲሰካ በቅጂ 1 እና 2 የሁሉንም ስዊች የቪላን ዝርዝር በራሱ ይተካል፣ ክላየንት ቢሆንም እንኳ። ሁሉም ወደ ትራንስፓረንት (ዝርዝሩን ከሌላ ስዊች የማይቀበል ሁነታ) ተቀየሩ።

ሐሙስ፦ የማስነሳት ሙከራ

ከመጋዘን ተመሳሳይ ሞዴል ስዊች ወጣ፣ ሥራ ላይ ያለውን ስዊች እንዲተካ ከጊት በተወሰደ ፋይል ብቻ ተሞከረ። የዚህ ሥራ ሁሉ ዋና ፍሬ ይህ ሙከራ ነው፤ ከመሣሪያው የተወሰደ ፋይል መሣሪያውን መልሶ ካላስነሳ የሚያገለግለው ለንባብ ብቻ ነው። በኮንሶል፣ 9600 ፍጥነት፣ 8 ቢት፣ ያለ ፓሪቲ፣ 1 ስቶፕ ቢት። ረጅም ፋይል በአንዴ ሲለጠፍ ፊደሎች ይጎድላሉ፤ ተርሚናሉ ላይ በየመስመሩ መዘግየት ተሰጠ። የተሻለው በዩኤስቢ ወደ ፍላሽ ማስገባት ነው።

የጎደሉት በተገኙበት ቅደም ተከተል፦

የፖርቶቹ ስም። ተተኪው የስታክ አባል 1 ነው፣ ፋይሉ ግን የአባል 2 ነው። የፖርት መስመሮቹ በሙሉ ተጣሉ። ቁጥሩ ተቀይሮ ዳግም ሲነሳ ተስተካከለ።

ቪላኖቹ። ቪቲፒ ሰርቨር በነበረበት ዘመን የተወሰደ ፋይል ውስጥ የሉም፤ የሚቀመጡት በፍላሽ ላይ «ቪላን.ዳት» በሚባል ፋይል ነው። ትራንስፓረንት ከሆነ በኋላ ኮንፊጉ ውስጥ ይጻፋሉ። ከማክሰኞ በፊት የተወሰደ ምትኬ ሁሉ ይህ ጉድለት አለበት፤ ሰብሳቢውም «ሾው ቪላን ብሪፍ»ን አብሮ እንዲወስድ ተደረገ።

የኤስኤስኤች ቁልፍ። የግል ቁልፍ በኮንፊግ አይወጣም። እንደገና ይፈጠራል፤ ሰብሳቢውም የአስተናጋጁ ቁልፍ ስለተቀየረ ይጮሃል።

የኤስኤንኤምፒ 3 ተጠቃሚዎች። በራኒንግ ኮንፊግ አይታዩም፣ ቁልፋቸውም ከመሣሪያው ኢንጂን መለያ ጋር የታሰረ ነው። አዲስ መሣሪያ አዲስ መለያ አለው፤ ስለዚህ ተጠቃሚዎቹ በእጅ ይገባሉ። ትእዛዞቹ ከይለፍ ቃል ካዝናው ጋር ተቀመጡ።

የራውተር ፖርቶች። ሲወለዱ ዝግ የሆኑ የራውተር ፖርቶች ፋይሉ ሲለጠፍ አይከፈቱም፣ ምክንያቱም «ኖ ሻትዳውን» በኮንፊግ ላይ አይጻፍም። የራውተር ማስነሻ ፋይሎች ላይ በስክሪፕት ይጨመራል።

ማይክሮቲክ ላይ ደግሞ በሰባተኛው ቅጂ ኤክስፖርቱ ሚስጥሮችን በመነሻው ይደብቃል፣ ካልተነገረው በቀር፤ የተጠቃሚዎች የይለፍ ቃል ደግሞ በየትኛውም መንገድ አይወጣም። ለእነዚያ ከጽሑፉ ሌላ ባይነሪ ባክአፕም ይወሰዳል፤ እሱ ለዚያው መሣሪያ እንጂ ለሌላ ሞዴል አይሆንም።

ዓርብ፦ ኔትወርኩ ሲወድቅ የሚገባበት መንገድ

ምትኬው የተቀመጠበት ሰርቨር ከኮሩ ጀርባ ነው፤ ኮሩ ሲወድቅ ምትኬውም አይደረስበትም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ ለስድስት ሰዓት ገደማ ከኢንተርኔት ሲጠፋ መነሻው በጥገና ወቅት የተሰጠ አንድ ትእዛዝ ነበር፤ ትእዛዞችን የሚያጣራው መሣሪያ በራሱ ስህተት አሳለፈው፣ መሐንዲሶቹም ከርቀት የሚገቡበት መንገድ አብሮ ስለተቆረጠ ሰው ወደ ዳታ ሴንተር መላክ ነበረበት። እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2022 በካናዳው ሮጀርስ ላይ የደረሰውም የተነሳው የመስመር ማጣሪያ ፖሊሲ ከማከፋፈያ ራውተሮች ኮንፊግ በመውጣቱ ነው፤ የመስመሮች ጎርፍ ኮሩን አጥለቀለቀ፣ የማስተዳደሪያ ኔትወርኩም በዚያው ኮር ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

በዚህ መሠረት፦ ለኮሮቹ፣ ለጠርዝ ራውተሮቹና ለፋየርዎሎቹ የኮንሶል ሰርቨር በተለየ የኤልቲኢ (የሞባይል ኢንተርኔት) መስመር ተሰካ። የስምንቱ መሣሪያዎች ሙሉ ኮንፊግና የሶፍትዌር ምስል በተመሰጠረ ዩኤስቢ ካዝና ውስጥ ነው፣ በየሳምንቱ ይታደሳል። የኤልቲኢ መግቢያው በአድራሻ እንጂ በስም አይደረስም፤ ዲኤንኤስ (ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይረው) በዚያ ሰዓት ላይኖር ይችላል። የጠርዝ ቢጂፒ ጎረቤቶች (መስመር የሚለዋወጡን የሌላ ኔትወርክ ራውተሮች) ላይ ከእነሱ የሚወሰደው የመስመር ብዛት ገደብ ተጻፈ፣ ማስጠንቀቂያውም 80 በመቶ ላይ።

ያልተዘጉ

«የሚተኩ» ቡድን ውስጥ ያሉ ስዊቾች አሁንም በአሮጌ ስልት ነው የሚነበቡት፤ እስኪተኩ ድረስ መግቢያቸው ከሰብሳቢው አድራሻና ከአንድ የማስተዳደሪያ ማሽን በቀር ዝግ ነው። የፋየርዎሎቹ የማስነሳት ሙከራ ገና ነው፤ ጥንድ ስለሆኑ ተጠባባቂውን ለብቻ ነጥሎ መሞከር ይጠይቃል፣ ከመነጠሉ በፊትም የልብ ምት ኬብሎቹ (አንዱ የሌላውን በሕይወት መኖር የሚያይባቸው) ተነቅለው ሁለቱም «ዋናው እኔ ነኝ» እንዳይሉ የዳታ ፖርቶቹ መጀመሪያ መዘጋት አለባቸው። የቅርንጫፍ ማይክሮቲኮች ላይ ለውጥ የሚደረገው በ«ሴፍ ሞድ» ብቻ ይሆናል፤ በኮንትሮል-ኤክስ ይጀመራል፣ ግንኙነቱ ሳይታሰብ ከተቋረጠ የገባው ሁሉ ይቀለበሳል። በሴፍ ሞድ የሚይዘው የለውጥ ታሪክ የተወሰነ ስለሆነ ረጅም ስክሪፕት በአንዴ አይለጠፍበትም፤ ተከፋፍሎ ይገባል፣ በየመሀሉም በኮንትሮል-ኤክስ ይጸናል።